የአክስቴ ሁለት አባቶች

አጎቴ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት «እኔ ይቺን ሴትዮ አላውቃትም፤ እናቷንም አላውቅ» ሲል በሩ አጠገብ ቆሜ እሰማ ነበር። እናቷ የገዛ እህቱ ነበረች። ከአንድ ማህፀን የወጡ፣ በአንድ የጭነት መኪና ከወሎ ተጭነው አሶሳ የወረዱ። አጎቴን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነስቼዋለሁ። ያን ቀን አፌን አልከፈትኩም። ሰው ፊት ስቆም ጉሮሮዬ የሚዘጋ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሽያን የሆንኩትም ከተማሪ ይልቅ ከጠርሙስ ጋር መዋል ስለሚቀለኝ ነው። ለመጻፍ ግን ጉሮሮ አያስፈልግም።

«ይቺ ሴትዮ» ያላት የአክስቴን ልጅ ነው። አክስቴ ገና በልጃገረድነቷ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ወጣች፤ ከሱዳን ስዊድን ገባች፤ እዚያ የአገሩን ሰው አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። አክስቴ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ልጇ አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ እህቴ እላታለሁ። ፊቷን በስልክ ማየት ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ አንድ ቀን እንኳ አርፋ ተቀምጣ አላየኋትም። በልጅነቷ ሯጭ ነበረች። ጉልበቷ ሲታመም ወደ ዋና ሄደች፤ ከዋና ወደ ጀልባ ቀዘፋ፣ ከቀዘፋ ወደ ብስክሌት። በመጨረሻ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት ስኪ ያዘች። ረጅምና ቀጭን ጣውላ እግራቸው ላይ አስረው፣ በሁለት እጃቸው ዘንግ ይዘው፣ በረዶ ላይ ዳገት ቁልቁለቱን የሚሮጡበት ስፖርት ነው። እኛ ጋ በረዶ ማለት አልፎ አልፎ ከዝናብ ጋር ወርዶ የማንጎ አበባ የሚያረግፍ፣ ቆርቆሮ የሚደበድብና ሳያመሽ የሚቀልጥ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በጳጉሜን አሶሳ አውሮፕላን ጣቢያ ተቀበልኳት። ሻንጣዋ አንድ ትንሽ ነበር፤ ከሱ ሌላ ቁመቴን የሚያህል ረጅም ጥቁር ከረጢት ተሸክማለች። የባጃጁ ሾፌር ከረጢቱን እያየ «እህት፣ መሣሪያ አይደለም አይደል?» አላት። «መሣሪያ ነው» አለችው፤ እሷ የስፖርት ማለቷ ነው። ሾፌሩን ለማረጋጋት ከረጢቱን መንገድ ዳር መክፈት ነበረብን።

ባጃጁ ውስጥ የመጣችበትን ነገረችኝ። በዓለም አቀፍ የስኪ ውድድር ለኢትዮጵያ መወዳደር ትፈልጋለች። አማርኛዋ ከእናቷ የቀዳችው የወሎ አማርኛ ነው፤ አሁን እኛ የማንናገራቸው ቃላት ሁሉ አሉበት።

«የዚያ አገር ቡድን አላስገባሽ ብሎ ነው?» አልኳት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፌ መውጣቱ ራሴን አስደነገጠኝ።

አልተቀየመችም። «አዎ» አለች። «እዚያ እኔን የሚቀድሙ ሴቶች አንድ አውቶቡስ ሞልተው ይተርፋሉ። ግን እሱ ብቻ አይደለም። እማዬ ውድድር ቦታ እየመጣች አጥር ይዛ ትቆም ነበር። መጀመሪያ ስም ይጠራል፣ ቀጥሎ አገር። ‹ስምሽን ሲጠሩ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ሰው ቤት ያስገቡሻል› ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ እሷ ቤት ልግባላት።»

አገራችን ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። ስለዚህ የስዊድኑን ፓስፖርት ልትመልስ ቆርጣ ነው የመጣችው። በኛ መንደር ስንቱ ጎረምሳ በኩርሙክ በኩል ስለመውጣት ያልማል፤ እሷ ደግሞ እነሱ የሚያልሙትን ልትመልስ መጣች። ለሁሉም ነገር መነሻ የሚሆነው አንድ ደብዳቤ ነበር፦ እናቷ የዚህ ቀበሌ ልጅ፣ የኢትዮጵያዊ ልጅ መሆኗን የሚያረጋግጥ፣ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ። እስከ የካቲት መጨረሻ ካልደረሰ የሚቀጥለው የውድድር ምዝገባ ዙር ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ጉልበቷ እንደማይጠብቃት ታውቃለች። አንድ ገጽ ምን ችግር አለው ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት መንደራችን እንዴት እንደተመዘገበ እያወቅሁ ነው።

መንደራችን ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። በደርግ የሰፈራ ዘመቻ ጊዜ ቤቶቹ በገመድ ተለክተው በሰልፍ የተተከሉ ናቸው። ያኔ ልጅ ላለው ቤተሰብ ለብቻው ጎጆ ይሰጠዋል፤ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ግን ከሌሎች ጋር በጋራ መጠለያ ይታጎራሉ የሚል ወሬ መንገድ ላይ ደረሰ። ሰዎቹ ይህን ሲሰሙ እዚያው መኪና ላይ ልጅ ተበዳደሩ። አያቴ አምስት ልጆች ነበሩት፤ አጠገቡ የተቀመጠው የአገር ቤት ጎረቤቱ አንድም አልነበረውም። መዝጋቢው ሲመጣ አያቴ አክስቴን ወደ ጎረቤቱ ገፋ አደረጋት፤ በጎረቤቱ ስም ተጻፈች። ጎጆው ከተሰጠ በኋላ ልጅቷ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። መዝገቡ ግን አልተመለሰም። እንዲህ የተመዘገቡ ሰዎች መንደራችን ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ሰርግ ላይ ይቀለድበታል። «የወረቀት አባትህ ደህና ነው?» ይባላል፤ ሰው ይስቃል።

አክስቴ ስዊድን ስትገባ ስሟን ሲጠይቋት በአፏ የተናገረችው የእውነተኛ አባቷን ስም ነው። ስለዚህ የእህቴ ወረቀት ላይ የእናቷ አባት አያቴ ነው፤ የቀበሌው መዝገብ ላይ ደግሞ ጎረቤቱ። ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን ሰው መመስከር ነበረበት።

የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅጽ የሚወድ ሰው ነው። እህቴን ፊቱ አስቀምጦ ከላይ ወደ ታች ይሞላል።

«ብሔር?»

«እማዬ ወሎ ነው ያለችኝ።»

«ወሎ ብሔር አይደለም፣ እህቴ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ቅጹ ነው የሚጠይቅሽ።»

ከዚያ ምስክር እንድናመጣ አዘዘን። የመንደሩ ሽማግሌ አንድ በቂ ነው፤ ነገር ግን በአያቴ ስም የተመዘገበ፣ ያኔ አብሮ የነበረ የሥጋ ዘመድም መጨመር አለበት። አባቴ የሁሉም ታናሽ ነበር፤ ከሞተ ቆየ። እናቴ ወደዚህ ቤት በትዳር የመጣችው አክስቴ ከሄደች በኋላ ስለሆነ አትቆጠርም። ከዚያ መኪና ላይ ከወረዱት የአያቴ ልጆች በሕይወት ያለው አጎቴ ብቻ ነው።

ቀጠሮው እስኪደርስ እህቴ ልምምዷን አላቋረጠችም። በረጅሙ ከረጢት ውስጥ የነበረው ጎማ ያለው ስኪ ነው፤ በረዶ በሌለበት አስፋልት ላይ ይለማመዱበታል። ጠዋት ጠዋት ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ትወጣለች፤ እኔ ውኃዋን ይዤ በባጃጅ እከተላታለሁ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር፤ ከመንገዱ ዳር ቀይ ጭቃ ይፈሳል፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው። እሷ ጠባብ ሱሪዋን ለብሳ፣ ሁለቱን ዘንጎች አስፋልቱ ላይ እየወጋች ዳገቱን ትወጣለች። ትንፋሿ ከባጃጁ ሞተር ይልቅ ይሰማኝ ነበር።

የባጃጅ ሾፌሮቹ ግን የሚያዩት ሌላ ነገር ነው።

«እናት! ሦስተኛ ጎማ ጨምሪና ታርጋ ይሰጡሻል!»

«ምን ታርሻለሽ እዚህ? አስፋልቱን ነው?»

«ከርቀት ሳያት ጉማሬ በምርኩዝ መሰለችኝ፣ ወላሂ!»

ይስቃሉ። አንዱ ከጎኗ እየነዳ ጥሩምባውን ጆሮዋ ላይ ይለቅባታል። እሷ ላብ በአገጯ እየተንጠባጠበ ዳገቱን ጨረሰች። የኛ ባጃጅ ሾፌር እንኳ ወደ እኔ ዞሮ «ሯጭ ብትሆን እኮ ይገባኛል። የኛ ስፖርት ሩጫ ነው። ይሄ የነጭ ቅብጠት ምን ያደርግላታል?» አለኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጉልበቷን ቀደው እንደሰፏት፣ የሮጠችውን ያህል እሱ ነድቶ እንደማያውቅ ልነግረው ፈለግሁ። «እሱስ ነው» አልኩት። «እሱስ ነው» ማለቴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

አጎቴ ግን አልሳቀባትም፤ ከመጣች ቀን ጀምሮ ፊቱን አጠቆረ። መጀመሪያ «አንተ» ስላለችው መሰለኝ፤ አንቱታ እናቷ አላስተማረቻትም። እውነተኛውን ምክንያት የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል።

«መሬቱን ፈርቶ ነው።»

የወረቀት አባትየውና ሚስቱ ልጅ ሳይወልዱ ሞቱ። መሬታቸው፣ አምስት የማንጎ ዛፎች ያሉበት ያ ከኛ ጓሮ የሚጀምረው መሬት፣ በመዝገቡ መሠረት ለ«ልጃቸው» ማለትም ለአክስቴ ተላለፈ። እሷ ውጭ ስለነበረች አጎቴ «ለእህቴ እኔ እጠብቅላታለሁ» ብሎ ያዘው፤ ይኸው እስከ አሁን ያርሰዋል። አሁን አጎቴ አክስቴ የጎረቤቱ ልጅ ነበረች ካለ መሬቱ የእህቴ ሊሆን ነው። አይ፣ የአባቴ ልጅ ነበረች ካለ ደግሞ መሬቱ ወራሽ ያልነበረው፣ በሐሰት የተያዘ ሊሆን ነው። በሁለቱም መሬቱ ከእጁ ይወጣል። የሚያዋጣው አለማወቅ ብቻ ነው።

«እህቴ እኮ መሬት አልፈለገችም» አልኩ።

«ታዲያ እሱ በምን ይመነው? ሰው ፓስፖርቱን ትቶ ለመንሸራተት እዚህ ድረስ ይመጣል ብሎ ማን ያምናል?» ከዚያ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ደግሞ የኛ ቤት የት ላይ እንደቆመ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። አባቴ ሲያገባ አጎቴ ከዚያው መሬት ጥግ ቆርሶ ሰጠው። እናቴ ጭቃውን ራሷ አቡክታ የሠራችው፣ እኔ የተወለድኩበት ቤት ያለ አንዳች ወረቀት እዚያ ላይ ነው የቆመው። መዝገቡ ከተነካ ቤታችንም ይነካል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ለእህቴ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ስትጠይቀኝ «ቢሮክራሲ ነው፣ ይስተካከላል» አልኳት። አፈርኩ፤ ፈራሁም። አጎቴ በግልጽ ካደ፤ እኔ ደግሞ በትህትና።

የቀጠሮው ቀን መጀመሪያ የመሰከሩት ከሆሞሻ መንገድ በላይ ካለው ሰፈር የመጡ፣ የአገሬው የበርታ ሰው የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሰፋሪዎቹ ሲመጡ እሳቸው ወጣት ነበሩ፤ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ሰፋሪዎቹን ሲያጣድፍ የአያቴን ልጆች ቤታቸው አስገብተው አስታመዋል። በእጃቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆሙ።

«እኔ ያውቃል» አሉ። «የዚህ ልጅ እናቱ፣ በኔ ቤት ወተት ጠጥቶ ነው ከሞት የተነሳው። አባቱ ይሄ ነው» ብለው የአያቴን ስም ጠሩ። «ያኛው ጎረቤት ነው። ልጅ የለውም ነበር፣ መስኪን።»

ሥራ አስኪያጁ ጻፈ። ቀጥሎ አጎቴ ገባ፤ መግቢያዬ ላይ የጻፍኩትንም ቃል ተናገረ። «እኔ ይቺን ሴትዮ አላውቃትም፤ እናቷንም አላውቅ።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። አማርኛው የጠፋባት መስሏት ነበር። «ምን አለ?» አለችኝ። ያ ክፍል ውስጥ ጉሮሮ ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ ያኔ ነበር መናገር ያለበት። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሽማግሌው ግን አጎቴን ትክ ብለው አዩት። «ይሄ መሬት የኛ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «መንግሥት ለናንተ ሰጠ። እኛ ምንም አላለም። አላህ ሰፊ ነው አለ። አሁን አንተ ከሱ ላይ ለአንድ ልጅ የአባቱን ስም ከለከለ?» መልስ አልጠበቁም፤ ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

እህቴ በመስከረም መጨረሻ ያለ ደብዳቤ ተመለሰች። አውሮፕላን ጣቢያው ላይ አላለቀሰችም። ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች «እማዬ ወንድሜ እያለች ነበር የምታወራው» አለችኝ። «የሱን ቁምጣ ለብሼ አደግሁ ትለኝ ነበር።» ይህን ብላ ገባች።

ጥር ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ። እዚያ አገር አንድ አነስተኛ ውድድር ነበር፤ አገር የሌለውም በግሉ የሚወዳደርበት። እህቴ በእጇ የሠራችውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሱፍ ኮፍያ አድርጋ ቁልቁለት ላይ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ከኋላ ሦስተኛ ወጣች። እዚያ የሚኖር አንድ የአገራችን ሰው ቀርፆ «የአሶሳዋ ጀግና በበረዶ ላይ» ብሎ ለጠፈው፤ ከተማው በሙሉ ተቀባበለው። ያ ጆሮዋ ላይ ጥሩምባ የለቀቀባት የባጃጅ ሾፌር የባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ «የኛዋ ልጅ» ብሎ አጻፈ። ሳየው መስታወቱን በድንጋይ ማለት አማረኝ። ከሰፈራ ልጆች መካከል ትሑቷ እየተባልኩ ያደግሁት እኔ፣ ድንጋይ አማረኝ።

በዚያው ሰሞን የቅሬ ስብሰባ ነበር። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ከወሎ ይዘነው የመጣን፣ ክርስቲያንም እስላምም በአንድ ላይ የሚቀባበርበት። የቅሬው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ መናገር ስለማይጠበቅበት ነው እሺ ያልኩት። የኛ ቅሬ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። ከዓመታት በፊት በተዋሱት ድንኳን «ብያለሁ፣ አላልክም» ተባብለው ሁለት ቤተሰቦች ሊጋደሉ ደርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ የተነገረ ቃል ሁሉ ይጻፋል፤ በመጨረሻ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የተናገረው ሰው ከቃሉ ሥር ይፈርማል። እንዲህ ካልሆነ ስብሰባው አልተዘጋም፤ ከአዳራሹም ማንም አይወጣም።

የዕለቱ ጉዳይ ስለተሰበረ የድንኳን ምሰሶ ነበር። ጉዳዩ ገና ሳይነሣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን ማሳየት ጀመረ። ሰው ተሰበሰበ። አጎቴም ተነሥቶ አንገቱን አሰገገ።

«ይቺ የማን ናት መሰለቻችሁ!» አለ። ድምፁ አዳራሹን ሞላ። «የእህቴ ልጅ እኮ ናት! የአባቴ የልጅ ልጅ! ሲወድቁ መነሣት የኛ ዘር ነው!»

ከኋላ አንዱ ነገረኛ ሳቀ። «ያቺ በብድር ለጎረቤት የተሰጠችው እህትህ? እሷ እንኳ የሌላ ሰው ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«የምን የሌላ ሰው ልጅ!» ብሎ አጎቴ ደረቱን መታ። «ለወረቀት ነው በብድር የተሰጠችው፤ ሥጋዋ የኛ ነው! በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ነው ከወሎ የመጣነው። ቁምጣዬን ለብሳ ነው ያደገች! አላህ ምስክሬ ነው!»

የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ ስብሰባውን ከከፈቱ ቆይተዋል። መዝገቡ ጭኔ ላይ ተከፍቶ ነበር። እያንዳንዷን ቃል ጻፍኩ። ብርድ ልብሱንም። ቁምጣውንም።

ስለ ምሰሶው ብዙ ተባለ። መጨረሻ ላይ እንደተለመደው ተነሥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሁልጊዜ ሳነብ «ጮክ በይ» ይሉኛል፤ ያን ቀን ማንም አላለኝም። የአጎቴ ቃል ላይ ስደርስ ስሙን ጠርቼ፣ ከ«የእህቴ ልጅ እኮ ናት» እስከ «አላህ ምስክሬ ነው» ድረስ አነበብኩ።

አጎቴ ቀበሌ ምን እንዳለ ሁሉም ሰምቶ ነበር።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ አጎቴ። «ጨዋታ ነው እኮ። ሰርዢው።»

«አንቱ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ» አልኩ። የሰማሁት ድምፅ የኔ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። «ያላሉት ቃል ካለበት ያሳዩኝ፣ እሱን እሰርዛለሁ። ያሉትን ግን አልሰርዝም። ለስልኩ ዘመድ ነኝ ብለው ለወረቀቱ አላውቃትም ማለት አይቻልም። እህትዎ ሞታለች። ልጇ እፊትዎ ቆማ ምን አለ ብላ የጠየቀችኝ እኔን ነው፤ እኔም እንደርስዎ ዝም አልኩ። አሁን ግን ዝም አልልም።»

«አንቺ ልጅ! ማን ፊት ነው የምትናገሪው?»

«ቅሬው ፊት።»

ዳኛው እጃቸውን አነሡ። «ንትርኩን ተዉት» አሉ። ወደ አጎቴ ዞሩ። «ብለሃል ወይስ አላልክም?»

አጎቴ ዙሪያውን አየ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ትከሻውን ሲመቱት የነበሩ ሰዎች በሙሉ ያዩታል። አላልኩም ቢል የመንደሩ ጀግና ዘመድ አይደለም፤ በአላህ ምሎ ደግሞ ክዷል። ጢሙን ሁለት ጊዜ ጎተተ።

«ብያለሁ» አለ። ብዕሩን ከእጄ ነጥቆ ሲፈርም ወረቀቱን ቀደደው።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ደርሷል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ቤቱ የት ላይ እንደቆመ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ሳትጠይቂኝ?»

ትክክል ነበረች። አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩት በኔ ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ የእናቴን ጣራ አስይዤ ነው። ይህን ማሰብ አጎቴን ይበልጥ እንድጠላው አደረገኝ፤ እውነት መናገርን ሰው ከገዛ እናቱ ጋር የሚጣላበት ነገር ያደረገው እሱ ነው። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምሳዬን ታስቀምጥልኛለች፣ ትወጣለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ነጠላዋን እያጣፋች ቆመችብኝ።

«ያ መዝገብ እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል? አጎትሽ ዛሬ ከተማ ወርዷል። ለጽድቅ የወረደ መስሎሻል? ሊቀድምሽ ነው። ተነሽ።»

«ቤቱስ?»

«ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ ጭቃ የለም?» አለች፤ ግን ይህን ስትል ግድግዳውን እንጂ እኔን አላየችም።

ሥራ አስኪያጁ ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ዳኛው ፈርመዋል፤ አጎቴ ፈርሟል፤ የበርታው ሽማግሌ ቃል ከመስከረም ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ ነው። መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ ከገባ መሬቱም ይከፈታል። መሬት አስተዳደር ይጠይቃል። የናትሽ ቤት እዚያ ላይ አይደል?»

«ነው።»

«አስበሽበታል?»

«ደብዳቤውን ይጻፉልኝ» አልኩ። ሁሉም ሰው አስበሽበታል የሚለው እኔን ነው። አጎቴን ማንም አልጠየቀውም።

ጻፈ። አክስቴን በጎረቤቱ ስም ጠርቶ፣ የአያቴን ስም ከጎኑ ቅንፍ ውስጥ አስገባ። አነበብኩት፤ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት።

«አባቷ ቅንፍ ውስጥ አይገባም» አልኩ። «ከፊት ይጻፍ። ያኛው ነው ቅንፍ።»

«ልዩነት እኮ የለውም፣ እህቴ።»

«ከሌለው ታዲያ መቀየሩ ምን ይከብዳል?»

ተነፈሰ፤ ቀደደው፤ እንደገና ጻፈ፤ ማኅተሙን አተመ። ቀለሙ ሳይደርቅ ፎቶ አንሥቼ ለእህቴ ላክሁላት። ከሥሩ ከመስከረም ጀምሮ የደበቅሁትን ሁሉ ጻፍኩላት፦ መሬቱን፣ ቤታችንን፣ ጫማዬን ሳይ ቆሜ የቀረሁበትን። ይቅርታ የሚለውን ቃል ጽፌ አጠፋሁት፣ ደግሜ ጻፍኩት። የካቲት ሳያልቅ ደብዳቤውን በፖስታ ቤት ልልክ ወደ ከተማ ስገባ ያ «የኛዋ ልጅ» የሚል ባጃጅ ቆሞልኝ ነበር፤ አልገባሁበትም። በእግሬ ሄድኩ።